ፓርሴሉን (የቤት ቦታውን) መጨረሻ ላይ ቁረጪው፦ ስለ አዲስ ሰፈር መንገድ፣ የእግር መንገድና የቦታ ስፋት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነበር፦ «18 ሄክታር ተዳፋት መሬት ላይ የመኖሪያ ሰፈር ፕላን እንድሰራ ተሰጥቶኛል። መሃሉን ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ይሰነጥቀዋል። አለቃዬ ቦዩን ቱቦ ውስጥ ቅበሪው፣ ሁሉንም ቦታ 15 በ20 አድርገሽ እኩል ቁረጪ፣ መንገዱን 14 ሜትር አስፋልት አድርጊው፣ የእግር መንገድ የተረፈ ቦታ ካለ እናስገባለን ብሎኛል። እኔ ደስ አላለኝም፣ ግን በምን ልከራከረው? ስፋቱ ስንት ይሁን፣ የእግር መንገዱስ የት ይግባ?»

እህቴ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ግን አለቃሽ ጋ ገብተሽ «የእግር መንገድ ለሰው ጥሩ ነው» ብትይው እሺ ብሎ ይሰማሽና እንዳለ ይተወዋል፣ ቁጥር ይዘሽ ነው መግባት ያለብሽ። ቁጥሩን እታች አብረን እንሰራዋለን። ከዛ በፊት ግን ችግሩ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም የተበላሸው ስፋቱ ምናምኑ ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። አለቃሽ የጀመረው ከቦታው ነው፣ ቦታውን ቆርጦ መሃሉን መንገድ አደረገና ከመንገድ የተረፈውን ለእግረኛ ሰጠ። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ እግረኛ፣ ቀጥሎ መኪና፣ የቦታው ወሰን መስመር መጨረሻ። ወሰን ማለት እኮ በእርሳስ የሚሰመር መስመር ነው፣ አንድ ሜትር ወዲህ አንድ ሜትር ወዲያ ብታደርጊው ማንም አይጎዳም። ውሃውን ግን አንድ ሜትር አታንቀሳቅሺውም።

እሺ ከውሃው እንጀምር። ቦዩ ደረቅ ስለሆነ ወረቀት ላይ መሬት ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቱቦ ቀብሮበት ላዩ ላይ ቤት ይሰራል፣ ቱቦው በቅጠልና በደለል እስኪደፈን ድረስ ምንም አይሆንም፣ የተደፈነ ቀን ግን ውሃው የድሮ መንገዱን ፈልጎ ሳሎን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሰርቬየሩን በ1 ሜትር ልዩነት ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር) እንዲያወጣልሽ አድርጊ (በ5 ሜትር የወጣ ኮንቱር ለእንደዚህ አይነት ስራ ምንም አያሳይም)፣ ቦዩን ከነዳርቻው በሰማያዊ ቀቢው፣ ከመሃሉ ግራና ቀኝ ቢያንስ 20፣ 20 ሜትር ተዪለት። ትክክለኛው ስፋት በሃይድሮሎጂ (ስንት ውሃ እንደሚመጣ በሚያሳይ) ስሌት ነው የሚወጣው፣ ለመነሻ ግን 40 ሜትር ያዢ። ይሄ ቁራጭ ለማንም አይሸጥም፣ የማንም ጓሮም አይሆንም። ጓሮ ያደረግሽው እንደሆነ በሁለተኛው ዓመት አንዱ ይገነባበታል፣ አንዱ ቆሻሻ ይጥልበታል፣ ጽዳቱ ደግሞ የማንም ስራ አይሆንም።

ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ ውስጥ ቪሌጅ ሆምስ የሚባል ሰፈር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ማይክልና ጁዲ ኮርቤት የጀመሩት፣ 24 ሄክታር አካባቢ ላይ ከ200 በላይ ቤት ነው። የዝናብ ውሃውን ቱቦ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ሳር በለበሰ ጥልቀት የሌለው ቦይ መሬት ላይ እንዲሄድ አደረጉት፣ መንገዶቹን ወደ 7 ሜትር አጠበቧቸው፣ ከቤቶቹ ፊት የጋራ አረንጓዴና የእግር መንገድ አስቀመጡ። መሃንዲሶች ያኔ ተቃውመውት ነበር፣ ውሃው ግን በቦዩ ሄደ፣ እስካሁንም ይሰራል። ልብ በይ፣ እዛ ቦዩ፣ የእግር መንገዱና አረንጓዴው አንድ መሬት ናቸው። ሶስቱን ለየብቻ ቦታ ልስጣቸው ብትይ መሬት አይበቃሽም፣ አንድ ላይ ስታስቀምጫቸው ግን ለእግረኛ ተብሎ የባከነ የሚባል መሬት አይኖርም፣ ምክንያቱም ለውሃው የግድ ትተሽው ነበር።

ወደ እግረኛው ስመጣ ግን ትንሽ ልርዘም፣ እዚህ ላይ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ።

በሙያው ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰፈር ስንሸነሽን ሁሉንም ቦታ ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው እግረኛ ትዝ ያለኝ። ሁለት ቦታ መካከል 2 ሜትር አስገባሁ፣ ርዝመቱ የሁለት ቦታ ጥልቀት ማለትም 60 ሜትር፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የኋላና የፊት ወሰኑ ስላልገጠመልኝ ትንሽ ይታጠፋል። ፕላኑ ላይ ቆንጆ ነጠብጣብ መስመር ነበር። ሰፈሩ ተሰርቶ ሰው ከገባ በኋላ ሄጄ አየሁት። ግራና ቀኝ 2 ሜትር ተኩል የብሎኬት አጥር፣ ከታች ብርሃን የለም፣ እታጠፋው ጋ ስትደርሺ ከፊትሽ ማን እንዳለ አይታይም፣ መሬቱ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ። ከዳር ቆሜ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሰው መጣ፣ ሁለቱም እስከ አፉ ደርሰው አየት አድርገው በዋናው መንገድ ዞረው ሄዱ። በሌላው ዓመት ነዋሪዎቹ ራሳቸው በብረት በር ዘጉት። ልክ ናቸው፣ እኔም ብሆን ልጄን በዛ አላሳልፍም። እዛው ሰፈር ሌላ ጫፍ ላይ ደግሞ ምንም መተላለፊያ አልሰጠሁም ነበር፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ከአንዱ ቤት ጓሮ 40 ሜትር አይርቅም፣ ልጆቹ ግን በመንገዱ ዞረው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዱ ነበር። እነሱ ምን አደረጉ፣ ሽቦ አጥሩን ሰርስረው ቀዳዳ አወጡ፣ ከቀዳዳው ስር ሳሩ አልቆ መሬቱ በእግር ብዛት ልሞ ነበር። እሷ ቀዳዳ ፕላን ላይ መኖር የነበረባት ቦታ ላይ ነው የተከፈተችው፣ በሁለት ሜትር እንኳን አልሳቱም።

ከዛ በኋላ የምሰራው እንዲህ ነው፣ አንቺም ሞክሪው። ምንም መንገድ ሳታሰምሪ መሬቱ ላይ ሰው መሄድ የሚፈልግባቸውን ነጥቦች አስቀምጪ፦ አውቶቡስ የሚያቆምበት፣ ትምህርት ቤት የሚሆነው፣ ሱቆቹ፣ ቦዩን መሻገሪያ የሚመቸው ጠባብ ቦታ፣ ጎረቤት ሰፈር የሚገናኝበት። በቀጥታ መስመር አገናኚያቸው። ከዛ መስመሩን በተዳፋቱ ልክ አጠማዢው፣ ምክንያቱም ዊልቸርና የሕጻን ጋሪ እንዲሄድበት ቁልቁለቱ ከ5 በመቶ ባይበልጥ ነው የሚመረጠው፣ ከዛ በላይ ሲሆን እንደ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሰራ ተዳፋት መወጣጫ) ታስቢዋለሽ፣ የራምፕ ጣሪያ ደግሞ 1 በ12 ማለትም 8.3 በመቶ ነው። በአፈር የሚሰራ የእግር መንገድ ከሆነ ሌላ ህግ አለ፣ የመንገዱ ቁልቁለት ከጎኑ ካለው ተዳፋት ግማሹን መብለጥ የለበትም፣ ጎኑ 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 አይበልጥ። ከበለጠ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ መውረዱን ትቶ መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎ ይወርድበታል፣ ሸርሽሮ ይጨርሰዋል።

ስፋት ጠይቀሻል። እግረኛና ሳይክል አብሮ የሚሄድበት ከሆነ 3 ሜትር ንጣፍ፣ ከግራና ከቀኝ 60፣ 60 ሴንቲሜትር ባዶ። ቤት መሃል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ንጣፉ 3 ቢሆንም ከአጥር እስከ አጥር ከ6 ሜትር አታሳንሺው፣ 8 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ከዚህ ጫፍ ሆነሽ የዛኛው ጫፍ መታየት አለበት፣ እሱን የሚነካ አጥር ከ1 ሜትር ከ20 እንዳያልፍ በሽያጭ ውሉ ላይ ይግባ። መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አስፋልቱ እስከ እግረኛው መንገድ ከፍታ በ10 ሴንቲ ከፍ ይበል እንጂ እግረኛው አይውረድ፣ እንደዛ ሲሆን መኪናው ራሱ ቀዝቀዝ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ራድበርን የሚባለውን ሳትሰሚ አትቀሪም፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1929 ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት ያወጡት ፕላን ነው። እግረኛና መኪናን ሙሉ በሙሉ ለየ፣ ቤቶቹ ፊታቸውን ለፓርኩ ሰጡ፣ መኪና ከኋላ ገባ፣ ከመንገድ ስር ለእግረኛ መተላለፊያ ተሰራ። ሃሳቡ ትልቅ ነው፣ በየአገሩ ሲቀዱት ግን ብዙ ቦታ ተበላሸ፣ ምክንያቱም ሰው የሚገባው መኪናው ባለበት በኩል ሆነና ፓርኩ በኩል ያለው በር ተዘግቶ ቀረ፣ ፓርኩም የአጥር ጀርባ ሆነ። ስለዚህ እግረኛውን ከመኪናው ጨርሰሽ አትደብቂው። የእግር መንገዱ ቤቶች ፊት ለፊት ይለፍ፣ መስኮት ይየው፣ ቦዩ ዳር ደግሞ ቢያንስ ግማሹን ያህል ርቀት በአንድ በኩል ብቻ ቤት ያለው ጠባብ መንገድ ይሁን። አንድ ወገን ብቻ ቤት ያለው መንገድ አባካኝ ነው ይልሻል አለቃሽ፣ እውነቱን ነው፣ ለዛ ነው ግማሹን ብቻ ያልኩሽ። ቀሪው ላይ ቤቶቹ በእግር መንገዱ ፊት ለፊት ይሁኑ፣ መኪና ከኋላ ይግባላቸው።

አሁን 14 ሜትሩ። እውነት ለመናገር በጥያቄሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሰው መኪና የሚነዳው ታፔላው በሚለው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን መንገዱ በሚፈቅድለት ፍጥነት ነው። 14 ሜትር ቀጥ ያለ አስፋልት የፍጥነት መንገድ ይመስላል፣ 30 ብለሽ ጽፈሽ ብትሰቅይም 60 ይነዳበታል። በደረቅ አስፋልት፣ ሹፌሩ ለማየትና ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሰከንድ ፈጀበት ብለን ብናሰላ፣ በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 13 ሜትር አካባቢ ሄዶ ይቆማል፣ በ50 የሚሄደው ግን 28 ሜትር ይፈልጋል። ኳስ ተከትሎ የወጣ ልጅ 15 ሜትር ላይ ካለ ልዩነቱ ይሄ ነው። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት በ37 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ከመቶ 10 አካባቢ ነው፣ በ51 ሲሆን 25፣ በ68 ሲሆን ግማሽ በግማሽ። ስለዚህ መንገዱን ማጥበብ የመሬት ቁጠባ ብቻ አይደለም እህቴ፣ የሰው ነፍስ ነው።

ደግሞ ስንት መኪና ሊያልፍበት ነው? መኪና በብዛት ባለበት አገር እንኳን፣ ለምሳሌ አሜሪካ የሚሰራበት መነሻ አንድ ቤት በቀን ከ9 እስከ 10 ጉዞ፣ በተጨናነቀው ሰዓት ደግሞ አንድ ጉዞ አካባቢ ያመነጫል የሚል ነው። 40 ቤት ያለበት መንገድ ላይ በተጨናነቀው ሰዓት 40 መኪና፣ በየደቂቃ ተኩሉ አንድ መኪና ማለት ነው። ለዚህ አራት ሌን ምን ያደርጋል?

«እሳት አደጋ መኪና እንዴት ይግባ» ይልሻል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ተዘጋጂበት። ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድ የሚባለው የእሳት አደጋ መከላከያ ደንብ የሚጠይቀው ምንም ያልቆመበት 6.1 ሜትር ነው እንጂ 14 አይደለም። መውጫ የሌለው መንገድ ከ46 ሜትር ካለፈ መዞሪያ ይፈልጋል፣ ክብ መዞሪያ ከሆነ ስፋቱ 29 ሜትር ይደርሳል፣ ይሄ ደግሞ ስንት ቦታ እንደሚበላ ሂሳብሽ ውስጥ አስገቢው። ከ30 ቤት በላይ ከሆነም በዛው ኮድ አባሪ መሰረት ሁለተኛ መግቢያ ይጠየቃል። ለዚህ ነው መውጫ የሌለው መንገድ የማልወደው፣ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ግን መሬት ይበላል፣ እግረኛን ያዞራል፣ ሁሉንም መኪና አንድ አፍ ላይ ያከማቻል። መሬቱ ካስገደደሽ አድርጊው፣ ጫፉን ግን ለእግረኛ ክፍት አድርጊ።

እኔ የምሰጥሽ የመንገድ ስፋት አከፋፈል እንዲህ ነው፦ መሃል 6.2 ሜትር የሚነዳበት፣ በሁለቱም በኩል 2.1 ሜትር፣ እሱ ላይ ዛፍና የመኪና ማቆሚያ እየተፈራረቁ (ሁለት መኪና፣ አንድ ዛፍ፣ ሁለት መኪና)፣ ከዛ በሁለቱም በኩል 1.8 ሜትር የእግረኛ መንገድ። ደምሪው፣ 14 ሜትር ይመጣል። አለቃሽ ለአስፋልት ብቻ ያሰበው 14 ሜትር ውስጥ ዛፉም፣ ማቆሚያውም፣ እግረኛውም፣ እሳት አደጋውም ገቡ። ሰፈሩን ከዋናው መንገድ የሚያገናኘው አንድ ኮሌክተር (የሰፈሩን መኪና የሚሰበስብ መንገድ) ብቻ 18 ወይ 20 ሜትር ይሁን፣ አውቶቡስ ስለሚገባበት።

የቀረውን የመንገድ ነገር ቶሎ ልለፈው። መስቀለኛ ላይ ባለ ሶስት አፍ ይበልጣል፣ አራት አፍ ያለው መገናኛ ላይ የመኪኖች መስመር የሚጋጭበት 32 ነጥብ አለ፣ ሶስት አፍ ያለው ላይ ግን 9 ብቻ። ማዕዘኑን አታስፊው፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ራዲየስ ይበቃል፣ ሰፊ ማዕዘን መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ እንዲታጠፍ ነው የሚረዳው። መንገዶቹ ኮንቱሩን በሰያፍ ይቁረጡት፣ ቁልቁለታቸው ከ0.5 በመቶ ካነሰ ውሃ ይተኛበታል፣ ከ10 ካለፈ ከባድ መኪና ይቸገራል። የብሎክ (በመንገዶች የተከበበ የቤት ቦታ ስብስብ) ርዝመት ከ120 እስከ 150 ሜትር፣ ካለፈ መሃሉ ላይ የእግር መተላለፊያ። የአሜሪካዋ ፖርትላንድ 61 ሜትር ብሎክ ነው ያላት፣ ባርሴሎና ላይ መሃንዲሱ ሴርዳ እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው 113 ሜትር ነው፣ ሁለቱም ከተማ ውስጥ በእግር መሄድ ቀላል ነው። ጎረቤት ባዶ መሬት ካለም ሁለት መንገድ እስከ ወሰኑ አድርሺና «ይቀጥላል» የሚል ታፔላ ትከዪ፣ አለበለዚያ ነገ ነዋሪው አትክፈቱት ብሎ ይሰለፋል።

እንግዲህ ቦታው። 15 በ20 እና 10 በ30 እኩል 300 ካሬ ናቸው፣ ለገዢው ካርታው ላይ ያው ነው። ለሰፈሩ ግን አይደሉም። 300 ቦታ በመንገድ ግራና ቀኝ ስትደረድሪ፣ ፊቱ (መንገዱን የሚነካው ጎኑ) 15 ከሆነ 150 ጥንድ በ15 ሲባዛ 2,250 ሜትር መንገድ ያስፈልግሻል። ፊቱ 10 ከሆነ 1,500 ሜትር። የ750 ሜትር ልዩነት ማለት የ750 ሜትር አስፋልት፣ የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ መስመር፣ ኬብል፣ መብራት፣ ማንሆል፣ ለዘላለም የሚጠገን። አስፋልቱን ብቻ ካየሽው የአለቃሽ 2,250 በ14 ሲባዛ 31,500 ካሬ ነው፣ የኔ 1,500 በ6.2፣ ግማሹን የሚሸፍን ማቆሚያ ሲጨመርበት 12,450 ካሬ። ሁለት ተኩል እጥፍ። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንዴ ቢጥል፣ ከአስፋልት 90 በመቶው ይወርዳል ብለሽ ብታሰይው ከእሱ መንገድ 1,400 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ወደ ቦይሽ ይመጣል፣ ከኔው 560። እና ያን ቦይ ነው እሱ ቱቦ ውስጥ ሊከተው ያሰበው።

ግን ሁሉንም 10 በ30 አድርጊ ማለቴ አይደለም። ጥልቀቱን 30 ላይ አጽኚው፣ ፊቱን አለዋውጪው፦ 8፣ 9፣ 10፣ ጥቂት 12። ጥልቀቱ አንድ ከሆነ የብሎክሽ መስመር አይበላሽም፣ ገበያው ሲለወጥ ሶስት ባለ 8ቱን ሁለት ባለ 12 ማድረግ ትችያለሽ፣ መንገድና ቱቦ ሳትነኪ። ትንንሾቹን ቦዩና አረንጓዴው ዳር አስቀምጪያቸው፣ ጓሮ ያነሰው ሰው ነው የጋራውን ሜዳ የሚፈልገው፣ ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ትልልቁን እዛ ያስቀምጥና ሜዳው የጥቂት ሰው ይሆናል። ሰፋፊዎቹ ተዳፋቱ የበረታበት ይሁኑ፣ እዛ ለድጋፍ ግንብ ቦታ ያስፈልጋል። የማዕዘን ቦታ ሁለት ሜትር ተኩል ሶስት ሜትር ጨምሪለት፣ ግንባታው በሁለት በኩል ከመንገድ ስለሚሸሽ ያለዛ ቤት አይወጣለትም።

አሁን አለቃሽ የሚጠብቀው ጥያቄ፦ ስንት ቦታ ይወጣል? የእሱ መንገድ 14 አስፋልት፣ ከዳርና ከዳር 2.5፣ 2.5 የእግረኛ ያስገባል ብንል፣ 19 ሜትር። ሁለት ባለ 20 ቦታ መሃል ሲገባ 19 ከ59፣ 32 በመቶ መሬቱ መንገድ ሆነ፣ አቋራጮቹ ሲጨመሩ 38 በይው። ከ180,000 ካሬ 62 በመቶው 111,600 ነው፣ ለ300 ሲካፈል 372 ቦታ፣ ያውም አንድም ሜዳ ሳይኖር። የኔ 14 ከ74 ነው፣ 19 በመቶ፣ ከነአቋራጩና ኮሌክተሩ 25። ለቦዩና ለአረንጓዴ 18፣ ለትምህርት ቤትና ለመሳሰለው 5፣ የሚቀረው 52 በመቶ 93,600 ካሬ። አማካይ ቦታ 9 በ30 ማለትም 270 ካሬ ከሆነ 346 ቦታ። 26 ቦታ አነሰ ይልሻል። ቦዩ ግን 350 ሜትር ያህል ይረዝማል ብንል በ40 ሲባዛ 14,000 ካሬ ነው፣ በእሱ ፕላን 29 ቦታ እዛ ውስጥ ወድቋል። ከ372 ሲቀነስ 343፣ ከኔው 346 ያነሰ። (የቦዩን ርዝመት እኔ ገምቼ ነው፣ የራስሽን አስገቢና ደግመሽ አስይው።)

ስብሰባው ሳይደርስ ከቻልሽ ዝናብ የጣለ ቀን ቦት ጫማ አድርገሽ መሬቱን ከላይ እስከ ታች በእግርሽ ሂጂው፣ ውሃው የሚተኛበትን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ እሱን ኮንቱር አያሳይሽም። ከዛ ሁለቱን ፕላን በአንድ ስኬል አትሚና ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊለት፣ በእሱ ፕላን ላይ ቦዩ ውስጥ የወደቁትን ቦታዎች በቀይ ቀቢያቸው፣ ፎቶውን ከጎን አስቀምጪና እነዚህን ለማን እንሸጣቸው ብለሽ ጠይቂው።